አንዴ በትክክል ጽፎ ሁልጊዜ በሦስት ፊደል መላክ

ዛሬ የምናወራው እጃችን ላይ ስላለው ስልክ ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሐኪም ቶር ለመያዝ በስልኬ ስጽፍ ከተዑዳት ዜሁት ቁጥሬ አንዷን አሃዝ ተሳሳትኩ። «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ሰው የለም» የሚል መልስ መጣልኝ፤ እስካርመው ድረስ ቶሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቁጥሩ 9 አሃዝ ነው፤ በትንሽ ኪቦርድ ላይ፣ ያለ መነጽር፣ መሳሳት ቀላል ነው።

መፍትሔው ስልኩን አቋራጭ ማስተማር ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆቻችንም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ጥቂት ፊደል ይጽፋሉ፣ ረጅሙን ማሽኑ ይሞላላቸዋል።

ለምሳሌ የዜሁት ቁጥራችሁ አቋራጭ ሦስት ጊዜ «ታቭ» ይሁን።

የጉግል ኪቦርድ ባለበት አንድሮይድ ስልክ፦ መልእክት መጻፊያ ስትከፍቱ ከኪቦርዱ በላይ የጥርስ ጎማ ምልክት ታያላችሁ። ካልታየ አራት ትንንሽ ካሬ ያለበትን ምልክት ንኩ። ከዚያ «ሚሎን»፣ ቀጥሎ «ሚሎን ኢሺ» የሚለውን ክፈቱ። ዕብራይስጥን መርጣችሁ የመደመር ምልክቱን ንኩ። በአንዱ መስመር ሙሉ ቁጥሩን፣ ለአቋራጭ በተሰጠው መስመር ሦስቱን ታቭ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ታቭ ስትጽፉ ቁጥሩ ከኪቦርዱ በላይ ይመጣል፤ እሱን መንካት ብቻ ነው።

በአይፎን፦ «ሀግዳሮት»፣ «ክላሊ»፣ «ሚክሌዴት» ብላችሁ ግቡና ጽሑፍ መተኪያውን ክፈቱ። የመደመር ምልክቱን ነክታችሁ ቁጥሩንና አቋራጩን ጽፋችሁ አስቀምጡ። በአይፎን አቋራጩን ጽፋችሁ የክፍተቱን ቁልፍ ስትነኩ በራሱ ይቀየራል።

ለምን ሦስት አንድ ዓይነት ፊደል? እንዲህ የሚጻፍ የተለመደ ቃል ስለሌለ ነው። ለአድራሻችሁ «ባይት» የሚለውን ቃል አቋራጭ ብታደርጉት፣ ለልጅ ልጃችሁ «ባይት» ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር አይፎኑ ሙሉ አድራሻችሁን ያስገባል።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ የባንክ ካርድ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር በዚህ መንገድ አታስቀምጡ፤ ስልኩን የያዘ ሁሉ ሊያየው ይችላል። ሁለተኛ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቀን መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ፣ መነጽራችሁን አጥልቃችሁ፣ አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። በትክክል የገባ ቁጥር ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ይወጣል፤ ተሳስቶ የገባም ሁልጊዜ ተሳስቶ ይወጣል።

መጀመሪያ ላይ የልጅ ልጅ አጠገባችሁ ቢቀመጥ አይከፋም። ግን ስልኩን እሱ አይያዘው፤ እሱ ያሳይ፣ እናንተ ንኩ። ያን ጊዜ በሚቀጥለው ቶር ማንንም ሳትጠብቁ ራሳችሁ ትልካላችሁ።