የፈጣን መሪ ተረትና እውነታ፦ ከጋፋት ጋሪ እስከ ደብረ ታቦር ባጃጅ

የአንድ መኪና መሪ «ፈጣን» ነው ሲባል ስለ መኪናው ሩጫ የተነገረ ነገር የለም፤ የተነገረው ሹፌሩ መሪውን ምን ያህል ሲያዞር የፊት ጎማው ምን ያህል ይዞራል የሚለው ምጥጥን ነው። መሪው 16 ዲግሪ ዞሮ ጎማው 1 ዲግሪ ብቻ ከዞረ ምጥጥኑ 16 ለ 1 ይባላል፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን መሪው ፈጣን፣ በበዛ መጠን ደግሞ ዝግተኛ ይሆናል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ይህን ምጥጥን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ አንደኛው በመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ባለ ጥርስ ማርሽ፣ ማለትም ፒኒየን ስትሆን፣ ሁለተኛው ጥርሶቹ ከእርሷ ጥርሶች ጋር ተቆላልፈው፣ በመኪናው ወርድ ተጋድሞ ግራና ቀኝ የሚንሸራተተውና ጎማዎቹን በዘንግ የሚገፋው ራክ ነው። ፒኒየኗ ተለቅ ስትል መሪው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ራኩ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ ፈጣን ራክ የሚባለውም ይኸው ነው።

ፈጣን ራክ መግጠም ልማድ የሆነው በተለይ ክፍሎቹ ተበታትነው ተሸጠው ባለቤቱ በገዛ እጁ በሚገጣጥማቸው ቀላል መኪኖች ዘንድ ነው። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዝ አገር የወጣችው ሎተስ ሰቨን ስትሆን፣ እርሷን መሰል ብዙ መኪኖች የሚሠሩት የፎርድ ኤስኮርትን ራክ በመጠቀም ነው፤ የዚህ ራክ መደበኛው ዓይነት ከዳር እስከ ዳር 3.5 ዙር ሲዞር ፈጣኑ 2.4 ዙር ብቻ ይዞራል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሥር ባይሰድም ጉዳዩ ባዕድ አይደለም፤ ተበታትነው መጥተው በአገር ውስጥ የተገጣጠሙ ተሽከርካሪዎች፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ቪትዞች፣ ወጣቶች ከወዳደቀ ብረት የሚሠሯቸው መኪኖችም ሁሉ ፈጣን መሪ ምን ያስገኛል የሚለውን ጥያቄ ያስነሳሉ። ጥያቄውን ለመመርመር ደግሞ ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ ወደ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ታቦር የሚደርሰውና የጉና ተራራን ግርጌ ይዞ ወደ ክምር ድንጋይና ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው።

ፈጣን መሪ የእሽቅድድም መኪና ጌጥ ነው የሚለው እምነት ደብረ ታቦር ላይ ወዲያው ይፈርሳል። የከተማዋ ፈጣኑ መሪ ያለው በባጃጅ ላይ ነው፤ የባጃጅ እጀታ ከፊት ጎማው ሹካ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ በመካከል የሚያዘገይ ማርሽ የለም፣ ምጥጥኑም 1 ለ 1 ነው። ይህ ሊሆን የቻለው የፊት ጎማው አንድ፣ ትንሽና ቀላል ጭነት የተሸከመ በመሆኑ የሹፌሩ ክንድ ያለ አጋዥ ስለሚችለው ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪና በተቃራኒው ቶኖች የሚያርፉባቸውን የፊት ጎማዎች ማዞር ስላለበት፣ ጉልበት የሚያባዛ የመሪ ሳጥን ተገጥሞለት፣ ሹፌሩ ኩርባው ላይ መሪውን ደጋግሞ ይጠመዝዛል። የባጃጁ ሹፌር ቀልጣፋ፣ የአይሱዙው ዘገምተኛ መስሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ እንጂ ከሙያ ማነስ አይደለም።

መሪ ማዞር የጉልበት ጉዳይ መሆኑን አካባቢው ሞተር ሳያይ ጀምሮ ያውቀዋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት እ.ኤ.አ. በ1867 ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው የሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ስለነበር፣ በጋሪ ተጭኖ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ሽቅቡንም ቁልቁሉንም የታለፈው በብዙ መቶ ሰዎች ክንድና በአዲስ በተጠረገ መንገድ ነበር፤ ጉዞውም ወራት ፈጅቷል። ማርሽ ጉልበትን የሚተካው ርቀትን በማስከፈል ነው፤ ፈጣን ራክ ደግሞ ይህን ውል ገልብጦ ርቀቱን ይቀንስና ጉልበቱን መልሶ ይጠይቃል።

ስለዚህም «ፈጣን መሪ ቀላል መሪ ነው» የሚለው አባባል እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ከዳር እስከ ዳር 150 ሚሊ ሜትር የሚንሸራተት ራክ 3.5 ዙር የሚጠይቅ ከሆነ በአንድ ዙር 43 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 2.4 ዙር የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ 62.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አገናዛቢው እንደሚያየው ያው ጎማ፣ ያው ክብደት፣ ያው መሬት ሆኖ ሳለ የእጅ ጉልበቱ በ1.46 እጥፍ ይጨምራል። ክብደቷ 600 ኪሎ ግራም በማይሞላ መኪና ይህ ጭማሪ አይከብድም፤ በተጫነ ሚኒባስ ላይ ግን ቆሞ ማዞር ፈተና ይሆናል።

የመሪውን ክብ በትንሽ ክብ መለወጥ ፈጣን መሪ ይሰጣል የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። የ38 ሳንቲ ሜትር ክብ በ32 ሳንቲ ሜትር ሲተካ የእጅ ጉዞ ያጥራል፣ ምጥጥኑ ግን አንድ ነጥብ እንኳ አይነቃነቅም፤ መሪው እንደ ፊቱ 3.5 ዙር ይዞራል፣ ጉልበቱም 1.19 እጥፍ ይሆናል። ፈጣኑን ራክና ትንሹን ክብ አንድ ላይ የገጠመ ሰው ደግሞ 1.7 እጥፍ ገደማ የሚከብድ መሪ ይዞ ይነሣል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን የመዞሪያ ስፋት ነው። ፈጣን መሪ ያለው መኪና በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ ዳገቱ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ኩርባም ወደ ኋላ ሳይመለስ በአንድ ጊዜ ያልፋል ተብሎ ይታመናል። መኪና ምን ያህል ጠቦ እንደሚዞር የሚወስኑት ግን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትና የፊት ጎማው እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚደርስበት ማዕዘን ናቸው፤ ራኩ ያንኑ 150 ሚሊ ሜትር እስከ ተንሸራተተ ድረስ ጎማው የሚደርሰው እዚያው ማዕዘን ላይ ነው፣ ልዩነቱ ቶሎ መድረሱ ብቻ ነው። እንዲያውም የዙር ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ የመንሸራተቻ ርዝመቱ ያጠረ ራክ ፒኒየኗ ሳትለወጥ «2.4 ዙር» ሊባል ይችላል፤ ገዢው ግን ፈጣን መሪ ሳይሆን በሰፊው የሚዞር መኪና ገዝቷል። ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ራኩ በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ነው። በጎማው በኩል ያለውንና ራኩ የሚገፋውን ክንድ ማሳጠር ግን መሪውን ያፈጥናል፣ የጎማውንም ማዕዘን ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ ከልክ ካለፈ መገጣጠሚያው ተጠምዝዞ ሊቆለፍ ስለሚችል የዚህ ዓይነቱ ማሳጠር በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም።

አዲስ ራክ ተገጥሞ መሪው «ጥብቅ» ሲል የሚነገረው ምስጋና ደግሞ ረዘም ላለ ምርመራ የሚበቃ ነው። በአካባቢው ኮረኮንችና ኮብልስቶን ላይ የሚውል መኪና የዘንግ መገጣጠሚያዎቹ ቶሎ ስለሚላሉ ሹፌሩ መሪውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲያንቀሳቅስ ጎማው ምንም አይመልስም፤ ይህ ባዶ እንቅስቃሴ «መሪው ይጫወታል» ይባላል። የልልነቱ መጠን ዘንጉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ ዙሪያው 119 ሳንቲ ሜትር በሆነ የ38 ሳንቲ ሜትር ክብ ላይ ይህ በመደበኛው ራክ ወደ 2.8 ሳንቲ ሜትር፣ በፈጣኑ ግን 1.9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይታያል። መካኒኩ በእጁ የሚለካው ክቡ ላይ ያለውን ስለሆነ ራኩ ሲለወጥ ጨዋታው የተወገደ ይመስላል፤ ያረጀው መገጣጠሚያ ግን እንደ ነበረ ነው፣ ጎማውም እንደ ነበረ ይዋልላል። ትክክለኛው ፍተሻ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ሲያናውጥ ሌላው ከታች ተጋድሞ ጣቱን በየመገጣጠሚያው ላይ በማሳረፍ የትኛው እንደሚዘገይ መለየት ነው፤ ጣት ከዓይን ቀድማ ታውቃለች። የዚህ ጸሐፊ ብያኔ ግልጽ ነው፦ በጉና ግርጌ የሚሠራ መኪና መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያልላላ መገጣጠሚያ ነው፤ ለፈጣን ራክ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

የትኛውም ራክ ቦታው ላይ ከገባ ይሠራል የሚለው እምነት በኮረኮንች ላይ ከሁሉ የከፋ ዋጋ ያስከፍላል። ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ ከራኩ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግና ጎማውን የተሸከመው ክንድ በአንድ ዓይነት ቅስት ካልተወዛወዙ ዘንጉ ጎማውን ይጎትተዋል ወይም ይገፋዋል፣ ስለዚህ ሹፌሩ መሪውን ሳይነካ መኪናው ራሱን ይመራል። ይህ እንዳይሆን የራኩ ርዝመትና ከፍታ ጎማውን ከተሸከመው ክንድ ማጠፊያዎች ጋር መጣጣም አለበት፤ ራኩን በገዛ ብየዳው የሚሰቅል ሰው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲስት ስሕተቱን አስፋልት ላይ ላያውቀው ይችላል፣ የመጀመሪያው ኮብልስቶን መንገድ ግን ይነግረዋል። በዚያ ላይ ፈጣን ራክ የመሬቱን ምት ወደ እጅ የበለጠ ያደርሳል፤ ጉልበቱ ወደ ጎማው ሲሄድ እንዳነሰ ሁሉ ምቱ ሲመለስ ይበዛል።

በዘይት ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ይህን ሁሉ ይሽረዋል ቢባል በከፊል እውነት ነው፤ ጥዋት በደብረ ታቦር ብርድ የወፈረ ዘይት ትንሽ እስኪሞቅ ቢያንገራግር እንኳ እገዛው ይገኛል። ነገር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሞተር አጥፍቶ ወደ ዓለም በርና ወረታ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር እገዛውን በራሱ እጅ ይቆርጠዋል፤ የፍሬኑም አጋዥ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይጠፋል፣ ቁልፉ ከተነቀለማ መሪው ራሱ ሊቆለፍ ይችላል። በፈጣን ራክ ላይ ያለ እገዛ የሚጠየቀው የእጅ ጉልበት በ1.46 ይባዛል።

መኪና በፈጣን መሪ ኩርባን የበለጠ ይጨብጣል የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል፤ መሬቱን የሚይዘው ጎማ እንጂ ራክ አይደለም። ፈጣኑ መሪ የሚያተርፈው እጆች ከክቡ ላይ ሳይነሡ ኩርባው እንዲያልፍና ኋላው ሲንሸራተት ቶሎ እንዲመለስ ነው፤ የዚያኑ ያህል ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄዱ አንድ ማስነጠስ መኪናውን ከመስመሩ ሊያወጣ ይችላል። በቁልቁለት ኩርባ ላይ ባጃጅ የሚገለበጠውም እጀታው ስለ ዘገየ ሳይሆን ሦስት እግር ያለው ነገር ድንገት ሲዞር ክብደቱ የሚያርፍበት አራተኛ ማዕዘን ስለሌለው ነው።

የቀረው አንድ ተረት መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር የነበረውን ራክ ገልብጦ መግጠም ይበቃል የሚል ነው። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በቀኝ መስመር መንዳት ከጀመረች ወዲህ የሹፌሩ ቦታ በግራ ስለሆነ ይህ ሥራ አዲስ አይደለም፤ ራክ ግን የላይኛው ወደ ታች ተገልብጦ ሲገጠም ፒኒየኗ የምትነክሰው ከተቃራኒው ወገን ስለሚሆን፣ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማው ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ራክ ከተገጠመ በኋላ፣ መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ፣ ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አንድ ሰውም ከፊት ቆሞ ጎማው ወዴት እንደዞረ ያያል።