ሙቅ፣ ሆጃና የቆላው ወተት፦ በምዕራብ ሐረርጌ ለታመመ ሰው የሚቀርበው

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የጨርጨር ደጋ ከሚኤሶ ቆላ ጋር የሚገበያይባት ከተማ በመሆኗ፣ በቤቶቿ ለታመመ ሰው የሚቀርበው ምግብና መጠጥም ከሁለቱም ወገን የተዋጣ ነው። ከከፍታው ማሽላ፣ ቡና፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር ሲመጡ፣ ከቆላው ደግሞ የግመልና የፍየል ወተት እንዲሁም የፍየል ሥጋ ይመጣሉ። በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርናና በመቻራ ያለው ልማድ በዝርዝሩ ቢለያይም መሠረቱ ያው ነው፤ ሰው ሲታመም እንጀራና ወጡ ይቀርና የሚጠጣ፣ ትኩስና ለጉሮሮ የሚለሰልስ ነገር ይሠራለታል። እነዚህ ምግቦች የሚወደሱት አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ያድናሉ ተብለው ነው፤ ይሁን እንጂ የጎላው ጥቅማቸው ሌላ ነው፣ መብላት ላቃተው ሰው ውኃ፣ ጨውና ኃይል ሰጪ ምግብ ማድረሳቸው። የሕመምተኛው ማዕድ በዚህ መመዘኛ ሲታይ አንዳንዱ ልማድ ከሚነገርለት በላይ ዋጋ ያለው ሆኖ ሲገኝ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሊታረም የሚገባው ይሆናል።

ከሁሉም ቀዳሚው ሙቅ ነው። ሙቅ ማለት ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ከተበጠበጠ በኋላ በፈላ ውኃ ላይ ተጨምሮ፣ እንዳይጓጉል እየተማሰለ እስኪበስል የሚንተከተክ፣ በኩባያ የሚጠጣ ቀጭን ምግብ ሲሆን፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ከአጃ ወይም ከገብስ ተዘጋጅቶ አጥሚት የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። በሐረርጌ የዕለት ምግብ መሠረቱ ማሽላ ስለሆነ ሙቁም ከማሽላ ዱቄት ይሠራል። ለዚህ ነጩ ማሽላ ይሻላል፤ በአንዳንድ ቀያይና ቡናማ የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ ታኒን የተባለ፣ ጣዕሙ የሚያጎመዝዝ ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚገኝና ይህም ከእህሉ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ መፈጨቱን ስለሚያስቸግር፣ የደከመ ሆድ ነጩን በቀላሉ ይቀበለዋል። ሙቁ ሲወፍር ለመጠጣት ያስቸግራል፣ ሲቀጥን ደግሞ ከውኃነቱ የማይሻል ይሆናል። ለዚህ ችግር በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተለመደው መፍትሔ ጥቂት የብቅል ዱቄት መጨመር ነው፤ እህል ሲበቅል የሚፈጠረው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ወፍራሙን ሙቅ ስለሚያቀጥነው፣ በአንድ ኩባያ ውስጥ ብዙ ዱቄት ገብቶም ሙቁ እንደ መጠጥ ይወርዳል። ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ብቅል እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ ለሕመምተኛ ሙቅ መዋሉ ግን እምብዛም አልተለመደም።

በአካባቢው የሚበዛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ የረመዳን ሾርባም ከዚሁ ምግብ ጋር ይዛመዳል፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለን ሆድ ቀስ ብሎ የሚያነቃቃው ትኩስ ሾርባ፣ በሌላ ወር ለታመመ ሰው ይሠራል። የታመመ ሰው ጾሙን አሳድሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል ቁርኣን የሚፈቅድ ሲሆን፣ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድም የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ከጾሙ ሊቀልለት ይችላል። እንደዚያም ሆኖ በዐቢይ ጾም ወተትም ቅቤም አልቀምስም የሚል ሕመምተኛ አይጠፋምና፣ ለእርሱ ሙቁ በውኃ ብቻ ይሠራለታል።

በዚህ ሙቅ ላይ ጣል የሚደረገው ጨው ከማጣፈጥ ያለፈ ሥራ አለው። ሮበርት ክሬን የተባሉ አሜሪካዊ ባዮኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ ባቀረቡት ማብራሪያ፣ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ግሉኮስን ወደ ደም የሚያስገባው ሶዲየምን፣ ማለትም ከጨው ክፍሎች አንዱን፣ አብሮ በመሳብ መሆኑን አሳዩ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውኃውም ይከተላቸዋል። ይህ አሠራር በከባድ ተቅማጥ ጊዜም ስለማይቋረጥ፣ ጥቂት ስኳርና ጥቂት ጨው የያዘ ውኃ በአፍ ተሰጥቶ የጠፋውን ፈሳሽ መተካት እንደሚቻል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በህንዷ ቦንጋዎን ከተማ በኮሌራ ሲያልቁና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያጥር፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት ሐኪም ይህን ውኃ በበርሜል እያዘጋጁ በማጠጣት፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረውን የሟቾች ቁጥር ከ4 በመቶ በታች አወረዱት። ዛሬ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ኦ አር ኤስ እየተባለ፣ በብዙ ቤተሰብም ለምለም በሚለው ስሙ የሚታወቀው ዱቄት የዚያ ሥራ ውጤት ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ባጸደቀው ቀመር መሠረት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ በተጨማሪም ፖታሲየምና ሲትሬት ይገኙበታል።

የእህል ስታርች፣ ማለትም ዱቄቱን የሚያወፍረው ክፍል፣ አንጀት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ግሉኮስ የሚፈርስ በመሆኑ፣ ከእህል የተሠራና ጨው የገባበት ቀጭን ሙቅ ከዚህ ቀመር ጋር በአሠራር ይቀራረባል፤ በሩዝ ዱቄት የተዘጋጀው ዓይነት የኮሌራ ሕሙማንን ተቅማጥ መጠን እንደሚቀንስም በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ የጭሮ እናት ለተቅማጥ ሕመምተኛ ጨው ያለው የማሽላ ሙቅ ስትሰጥ ትክክለኛውን ነገር እያደረገች ነው። ዓይኑ ለጎደጎደ፣ እንባው ለደረቀና ለተዝለፈለፈ ሕፃን ግን ሙቅ የኦ አር ኤስም ሆነ የሐኪም ምትክ አይሆንም። ዱቄቱ በእጅ ከሌለና ጉዳዩ ካልከፋ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ተለክቶ መበጥበጥ ይቻላል፤ ልኩ ካለፈ ጨው ራሱ ጉዳት ስለሚያመጣ በእፍኝና በግምት መጨመር አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲታይ ጠያቂዎች ሙቁን ትተው ለስላሳ መጠጥ ይዘው መሄዳቸው ያሳዝናል። ለስላሳ በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር ሲይዝ፣ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ የስኳሩ መጠንም በኦ አር ኤስ ውስጥ ካለው ግሉኮስ 7 እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ የበዛ ስኳር ውኃውን ከሰውነት ወደ አንጀት መልሶ ስለሚስብ ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። ጠርሙሱን እየናጡ ጋዙን ማስወጣት የተለመደ ብልሃት ቢሆንም ስኳሩን አይነካውም። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ይሻላል፤ በተለይ ሙዝ በተቅማጥና በትውከት የሚጠፋውን ፖታሲየም ይመልሳል።

የምዕራብ ሐረርጌን ማዕድ ከሌላው የሚለየው ግን ሆጃ ነው። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ ደርቆ ኋላ ስለሚፈለፈል፣ ፍሬው ወደ ገበያ ሲሄድ ገለፈቱ፣ በሐረርጌ ሀሸር የሚባለው፣ ለአምራቹ ቤት ይቀራል። እርሱ በውኃ ለረጅም ጊዜ ይፈላና ወተትና ጨው ተጨምሮበት በትኩሱ ይጠጣል። ቁጢ ደግሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ በምጣድ ታመስ ታመስ ከተደረገ በኋላ ተሰባብሮ ይቀቀላል፣ እርሱም በወተትና በጨው ይጠጣል። ከቀይ ባሕር ማዶ የመናውያን ያንኑ ገለፈት ከዝንጅብል ጋር አፍልተው ቂሽር ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠልን ውኃ ለገበያ እንዲቀርብ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020፣ ገለፈቱን ደግሞ በ2022 ሲሆን፣ የሐረርጌ ገበሬ በነጻ የሚያገኘው ገለፈት እዚያ ካስካራ ተብሎ በውድ ይሸጣል። በሆጃ ውስጥ የሕመምተኛው ፍላጎት በሙሉ ማለት ይቻላል ተሟልቷል፦ ውኃ፣ ጨው፣ የወተት ፕሮቲንና ስብ፣ ከዚያም ትንሽ ካፌይን፣ ይህም ቡና ለለመደ ሰው ከሱስ መቋረጥ የሚመጣውን ራስ ምታት ያበርድለታል። እንቅልፍ ለራቀው ሕመምተኛና ለሕፃናት ግን ሙቁ ይመረጣል።

መረቅን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጉንፋን ለያዘው ሰው የፍየል ወይም የዶሮ ሥጋ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተቀቅሎ ውኃው ይጠጣል። የዶሮ መረቅን ለሕሙማን ያዝዝ የነበረው በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪም ሙሴ ኢብን ማይሙን ሲሆን፣ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ሐኪም የሆኑት ስቲቨን ሬናርድም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ መረቁ የነጭ የደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ በመጠኑ እንደሚገታና ይህም የአፍንጫንና የጉሮሮን መቆጣት ሊያለዝብ እንደሚችል በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ አለመሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል።

ቅጠላ ቅጠሉ ብዙ ነው። ለምች ዳማከሴ ተጨምቆ ከቡና ጋር ይጠጣል፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ወይም ፌጦ ይወሰዳል፣ ለጨጓራ ተልባና አብሽ ይዘፈዘፋል፤ ከሞት በቀር ለሁሉም ደዌ ፈውስ እንዳለበት በሐዲስ የተነገረለት ጥቁር አዝሙድም በሙስሊሙ ቤት የተለየ ክብር አለው። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማኅፀንን ስለሚያነሣሣ ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል፤ አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባያዘወትረው ይመረጣል። ማር የሌሊት ሳልን እንደሚያስታግስ በሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተደግፏል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ጨቅላ ግን ቦቱሊዝም የተባለ ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው በጣም የሚወደሰው ነው። በሚኤሶና በቦርዶዴ ዳርቻ አርብቶ አደር ሴቶች በጀሪካን እያመጡ የሚሸጡት የግመል ወተት፣ የቪታሚን ሲ ይዘቱ ከላም ወተት በብዙ ስለሚበልጥና በሙቀት ቶሎ ስለማይበላሽ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በማይገኝበት ቆላ በእርግጥም ትልቅ ምግብ ነው። ብዙዎች ግን መድኃኒትነቱ በጥሬነቱ ነው ብለው ስለሚያምኑ ሳያፈሉ ለሕመምተኛ ይሰጡታል። በጥሬ ወተት የሚተላለፈው የብሩሴላ ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ በየጊዜው የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለው፣ ወባ በሚገኝበት ቆላ በቀላሉ ወባ ይመስላል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው እንዲበረታ የተሰጠው ወተት የትኩሳቱ ምንጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የወተቱን ዕቃ በእንጨት ጭስ ማጠን መዓዛ ይሰጣል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ ከእንስሳው ጋር የመጣውን ባክቴሪያ ግን አይገድልም። እርሱን የሚገድለው ማፍላት ነው፣ ለዚህም የአካባቢው ወጥ ቤት ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቀው መንገድ አለ፦ ሆጃው ሲሠራ ወተቱ ከገለፈቱ ውኃ ጋር አብሮ እሳት ላይ ከፈላ ከባክቴሪያው የጸዳ ይሆናል፣ መጠጡ ከተጣራና ለብ ካለ በኋላ ጥሬው ወተት ከተጨመረበት ግን የቀረው ሙቀት ለዚያ አይበቃም።