አጥሩን የሚሰብር አከፋፈት

«አባዬ፣ ልጅ ነው፤ አንዳንዴ ይሸነፉለት እንጂ» ይለኛል ልጄ። እኔ አልስማማም።

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ክረምት ክረምት ከአዳማ እዚህ ኢተያ ይመጣል፤ ዝናቡ ከቤት ሲያውለን ቼዝ እንጫወታለን። መሸነፍ ስለማይወድ ዘዴ አበጅቷል። ንጉሡን ቶሎ ጥግ ያስገባል፣ ሦስት ወታደሮች ከፊቱ ያቆማል፣ መካከለኛውን አንድ እርምጃ ገፍቶ ጳጳሱን ከኋላው ይሸጉጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አጥሩ ክፉ አይደለም፤ ትልልቅ ተጫዋቾችም ይሠሩታል። የእኔ ስጋት ልጁ ማጥቃትን ሳይሞክር እንዳያድግ ነው። ስለዚህ አጥሩን እያፈረስኩ አሳየዋለሁ።

ንግሥትን ብቻዋን ቀድሞ መስደድ አያዋጣም፤ ስትባረር ትውላለች። መጀመሪያ መሀሉን በወታደር እይዛለሁ፣ ፈረሶቼን አወጣለሁ። ቀጥሎ ንጉሤን እሱ ከሄደበት በተቃራኒው ጎን አስጠልላለሁ። ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በእሱ ንጉሥ ፊት ያሉት ወታደሮቼ የእኔን ንጉሥ ስለማይጠብቁ ወደፊት ልነዳቸው እችላለሁ። ጳጳሴን ከፊት፣ ንግሥቴን ከኋላ በአንድ ሰያፍ መስመር አሰልፌ የተሸጎጠውን ጳጳሱን አለዋውጣለሁ። ከዚያ የጥጉ ወታደሬ ይገሰግሳል፤ ያንን የተገፋውን ወታደር ሲበላ መስመሩ ለግንቤ ይከፈታል። መሀሉ ልቅ ከሆነ ግን አልቸኩልም፤ እሱም በዚያ በኩል ቀድሞ ሊደርስብኝ ይችላል።

ልጁን ይበልጥ የለወጠው ግን የአያቶቻችን ሰንጠረዥ ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ በትግራይ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጥናት አሳትመዋል። የሰንጠረዥ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። ተራ የለም! የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሲያጥር ሌላው ዓይኑን ሳይነቅል ሠራዊቱን ወደዚያ ያዞራል። የልጅ ልጄ የእኔ ፈረሶች በአጥሩ በኩል ሲሰበሰቡ ባየ ጊዜ አጥሩን ትቶ ባዶ በቀረው ጎኔ መጣብኝ። ያን ቀን እኔ ነኝ የተከላከልኩት።

እናንተም ሞክሩት። የጥንቱ ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነበር የሚሄደው፤ የዛሬዋ ንግሥት ግን ፈጣን ስለሆነች እኛ ቤት አንድ ደንብ ጨምረናል፦ አንዱ የሰሌዳውን አጋማሽ እንደተሻገረ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በተራ ነው። ሰሌዳ ከሌለ ካርቶን ላይ 64 ቤት ማስመር ይበቃል። የድሮዎቹ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር መስመር አስምረው ይጫወቱ ነበር፤ በእኛ ቤት ወታደሮቹ ባቄላና ሽንብራ ናቸው።