ሊኑክስ ስትመርጡ እንደ እኔ አትሁኑ!

ዛሬ የማወጋችሁ በገዛ ጉራዬ ስላደረስኩት ጥፋት ነው። ስቃችሁብኝ ስታበቁ ትምህርቱን ያዙልኝ።

አክስቴ ከባህር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው መራዊ ይኖራሉ። በቆጋ መስኖ ከሚያለሙ ገበሬዎች ሽንኩርትና ድንች እየተረከቡ ይነግዳሉ። ማን ስንት ኩንታል አስገባ፣ ለማን ስንት ብር ቀረው የሚለው ሁሉ የተመዘገበው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። እኔም ይህንኑ ሰበብ አድርጌ "ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስ የተሠራ የፍላሽ ቫይረስም አይሠራበትም፤ ሊኑክስ ልጫንልዎ" አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ።

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ ነው። በእሱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩት "ዲስትሮ" የሚባሉት ዓይነቶች ግን ብዙ ናቸው። ነገሩ እንደ ጠላ ነው፤ ጌሾና ብቅሉ አንድ ቢሆንም ጣዕሙ እንደ ጠማቂዋ ነው።

ታዲያ እኔ የቱን መረጥኩ? አንድ ጓደኛዬ "ወንድ ማለት አርች የጫነ ነው!" ብሎኝ አርችን! ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ የሚጭኑት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታገል አደርኩና አንዱን የሐርድ ዲስክ ክፍል ከሌላው አምታትቼ መዝገቡን ድምጥማጡን አጠፋሁት። ሌላ ቦታ የተገለበጠ ቅጂ አልነበረም።

"አንተ ልጅ፣ እንግዲህ የሰው ገንዘብ በምን ልቆጥር ነው?" አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ገበሬዎቹን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ በደብተር ጻፍኩ። አንዱ ሽማግሌ "ለእኔ እንኳ ቀድማ ከፍላኛለች፣ ዕዳ የለባትም" ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ።

እንግዲህ ጀማሪ ከሆናችሁ ስሙኝ።

አንደኛ፣ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ!

ሁለተኛ፣ ከመጫናችሁ በፊት ሞክሩት። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል፤ ሊኑክሱ ሲጻፍበት ግን ፍላሹ ላይ የነበረው ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ አውጡት። ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ አስነሡና ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን እዩ። "ጫን" እስካላላችሁት ድረስ ሐርድ ዲስካችሁን አይነካም።

ሦስተኛ፣ ማሽናችሁን እወቁ። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ "ኤክስኤፍሲኢ" የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ይስማማዋል። አቀማመጡም ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አያደናግርም። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱም ጥሩ ነው። ከኡቡንቱ "ኤልቲኤስ" የሚለውን ምረጡ፤ በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ ለ5 ዓመት ይደገፋል።

አራተኛ፣ ኪሳችሁን አስቡ። አርች ሁልጊዜ አዳዲስ ነገር እያወረዳችሁ እንድትከታተሉት ይፈልጋል። በጥቅል ኢንተርኔት ለሚኖር ሰው ይህ ወጪ ነው። ሚንትንም ሆነ ኡቡንቱን ግን አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ሌላው በፍላሽ ቢቀባበለው ሕጋዊ ነው።

አምስተኛ፣ ሥራችሁን አስቡ። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋይላችሁን "ሊብሬ ኦፊስ" ይከፍተዋል፤ የገጹ አቀማመጥ አልፎ አልፎ ሊዛነፍ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሞክሩት። በፓወር ግዕዝ የለመዳችሁ ደግሞ እሱ ለዊንዶውስ የተሠራ መሆኑን እወቁ። ሊኑክስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰፈራችሁ ወይም ግቢያችሁ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለውን ምረጡ። ሲበላሽ በር አንኳኩታችሁ የምትጠይቁት ሰው ከሌለ፣ የዓለም ምርጥ ዲስትሮ ምን ያደርግላችኋል?

አክስቴ ዛሬ ሚንት ይጠቀማሉ። ደብተሩን ግን እስካሁን ከእጃቸው አልለቀቁም። አልፈርድባቸውም!