«ባቡር» ስለሚባለው ቃል

በአዳማ ዙሪያ ባለው ገጠር አንዲት ሴት እህል አዝላ «ወደ ባቡር መሄዴ ነው» ብትል፣ መንገደኛ መስላ የምትታየው እንግዳ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። የምትሄደው ወደ ወፍጮው ነው። ኦሮምኛም «ባቡራ» ሲል ሁለቱንም ይጠራበታል።

የቃሉ ሥር የላቲኑ «ቫፖር» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። የእንግሊዝኛውም «ቬፐር» ከዚሁ ይወለዳል። ቱርኮች ከፈረንሳይኛ ተቀብለው የእንፋሎቱን መርከብ «ቫፑር» አሉት፤ ዐረቦችም «ባቡር» ብለው ለመርከቡም ለሞተሩም አዋሉት። ወደ እኛ የዘለቀው በዚሁ በኩል ይመስላል።

የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መኪና ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። ስለዚህ ስሙ የሞተሩ እንጂ የሐዲዱ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በአዳማ የሚያልፈው መሥመርም በኤሌክትሪክ እየሠራ ያው ባቡር ይባላል።

ነገሩ ለቃላት አጥኚ ብቻ አይደለም። በሞጆ ወይም በመተሐራ ሽማግሌዎችን «ባቡር መቼ ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ የታሪክ ተማሪ፣ የሐዲዱን ዘመን ፈልጎ የወፍጮውን ሊጽፍ ይችላል። አስቀድሞ «የትኛው ባቡር?» ይበል።