የሚያድግ ልጅና የማያድግ ሽቦ

ልጅ ሲያድግ ልብሱ ያጥረዋል፤ ጫማውም ይጠበዋል። ይህን ወላጅ ሁሉ ያያል። በደረቱ ውስጥ ያለው ሽቦ ሲያጥረው ግን ማን ያየዋል?

ልብ የምትመታው ራሷ በምታመነጨው ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። አንዳንድ ሕፃን ይህ ኃይል ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርድበት መንገድ ተዘግቶበት ይወለዳል፤ የሌላው ደግሞ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ይጎዳል። ለዚህ የተገኘው መላ ፔስሜከር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነው። በ1951 ዓ.ም. በስዊድን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ገላ ውስጥ የተቀበረው የሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር፤ በሽተኛው አርነ ላርሶን ግን ከሃያ የሚበልጡ መሣሪያዎች እየተለወጡለት እስከ 1994 ዓ.ም. ኖሯል። እርግጥ ላርሶን ጐልማሳ ሰው ነበርና ቁመት አይጨምርም።

በልጅ ላይ ደካማው ነገር ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚሄደው ሽቦ ነው። ልጁ ሲረዝም ሽቦው ይወጠራል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ትርፉን ጠምዝዘው ይተዉለታል። በደም ሥር የገባው ሽቦ ከአንገት ሥር ባለው አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል እየተጨመቀ ልባሱ ይላጣል፤ ውስጡም ይሰበራል። በትንንሾቹ ልጆች ከልብ ውጭ የሚሰፋውም ከመሰበር አይድንም።

እስቲ እንዲህ ያለ ልጅ በቴፒ ወይም በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ቡና ለቃሚዎች መካከል አለ እንበል። ቅርንጫፍ ይጎትታል፤ ቅርጫት ይሸከማል፤ ከዚያ አንድ ቀን ራሱን ስቶ ይወድቃል። ጎረቤት «የሚጥል በሽታ ነው» ቢል አያስደንቅም፤ አወዳደቁ ይመሳሰላልና። እኛን የሚያሳስበን ይኸው ነው፤ በስሕተት ስም የተጠራ በሽታ ወደ ሐኪም አያደርስም።

በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው ማዕከል የሕፃናትን ልብ በአገር ውስጥ ለማከም መንገድ ከፍቷል። ከሚዛን እስከዚያ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኤክስሬይ የተሰበረውን ሽቦ ብዙ ጊዜ ያሳያል፤ የተላጠውን ልባስ ግን ላያሳይ ይችላል። ሽቦ የሌለው መሣሪያም በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን በጭን በኩል ባለው ትልቅ የደም ሥር ስለሚገባ ለትንሽ ልጅ አይመችም።

ወደ አውራጃ የተላከ ወጣት መምህር ወይም ጸሐፊ ግን ከሰዓት በቀር መሣሪያ አያስፈልገውም። ፔስሜከር የገባለት ሰው መሣሪያውን የሚገልጽ ካርድ ይሰጠዋል፤ ዝቅተኛው የምት ቁጥር ሐኪሙን ተጠይቆ በዚያው ይጻፍ። የልጁን አንጓ ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ ቁጥሩ ከተጻፈው ካነሰ፣ ሁለተኛ እስኪወድቅ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።