ለሕሙማን የሚገዛ አልጋና የተጨማሪ እሴት ታክስ

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ስትሮክ መትቷቸው ከሆስፒታል ወደ ለንደን ቤታቸው ተመለሱ እንበል። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ ከተኙበት ለመነሣት የሰው እርዳታ ይሻሉ። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ ራስጌውና ግርጌው በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚል የሕሙማን አልጋ ሊገዙላቸው ወሰኑ። የተጠየቁት ዋጋ 1,200 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 200 ፓውንዱ የአልጋው ዋጋ ሳይሆን ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የብሪታንያ ሕግ ግን ይህን 200 ፓውንድ ከእኒህ እናት አይፈልግም። በዚህ ጽሑፍ መብቱ ለማን እንደተሰጠና ብዙ ቤተሰቦች ሳይጠቀሙበት የሚቀሩበትን አንድ ምክንያት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

በብሪታንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ መደበኛ መጣኔ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 20 በመቶ ነው። ይህም ማለት ታክሱን ጨምሮ ከሚጠራው ዋጋ አንድ ስድስተኛው ታክስ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ግን በ8ኛው ሰንጠረዥ፣ በ12ኛው ምድብ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች የግል ወይም የቤት መገልገያ የሚሆኑ የተወሰኑ ዕቃዎች በዜሮ መጣኔ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ለሕሙማን ተብሎ የተሠራ ተስተካካይ አልጋ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሕመምተኛን ማንሻ መሣሪያና የመጸዳጃ ወንበር ከእነዚህ መካከል ናቸው። የእነዚሁ ዕቃዎች ጥገናም በዚሁ ይታያል። ለማንኛውም ሰው ምቾት የተሠራ አልጋ ወይም ፍራሽ ግን፣ ገዢው ሕመምተኛ ቢሆንም እንኳ፣ ከታክሱ ነፃ አይሆንም።

ተጠቃሚውስ ማን ነው?

መብቱ የሚሰጠው የዕለት ተዕለት ኑሮውን በእጅጉ የሚያውክ ዘላቂ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ላለበት ሰው፣ የሕክምናው ሞያ ሥር የሰደደ ብሎ የሚቆጥረው በሽታ፣ ለምሳሌ የስኳር በሽታ፣ ላለበት ሰው፣ እንዲሁም ለሞት በሚያደርስ ሕመም ላይ ለሚገኝ ሰው ነው። እግሩ ተሰብሮ ለጥቂት ሳምንታት የተኛ ሰው አይካተትም። በዕድሜ ምክንያት ከመድከም በቀር ሌላ ሕመም የሌለበት አረጋዊም እንዲሁ።

እንቅፋቱ

አሠራሩ ቀላል ነው። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ስሙን፣ አድራሻውንና ያለበትን ሕመም ጽፎ፣ ፈርሞ ለሻጩ ይሰጣል። በአካል ጉዳተኝነት መመዝገብም ሆነ የሐኪም ምስክር ወረቀት ማቅረብ በሕጉ ግዴታ አይደለም። ሕመምተኛው መፈረም ካልቻለ አስታማሚው ሊፈርምለት ይችላል። እውነት ያልሆነ ቃል መስጠት ግን በሕግ ያስጠይቃል።

ችግሩ የሚመጣው ሕመሙን በመሰየሙ ላይ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ምን እንዳመማቸው ሲጠየቁ፣ «እርጅና ነው እንጂ ሌላ ምን አለብኝ፤ ተመስገን» ማለት ይቀናቸዋል። ልጆችም ወላጃቸውን «አካል ጉዳተኛ» ብሎ መጻፍ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ በቅጹ ላይ «እርጅና» ብለው ይሞላሉ፤ ወይም ቅጹን ትተው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላሉ። እንግዲህ በትሕትና የሚነገረው ቃል ሕጉ የማይቀበለው፣ የሚደበቀው ቃል ደግሞ ሕጉ የሚጠይቀው መሆኑን ልብ ይሏል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባላችን ለዚህም ይሠራል።

የእኛ የሐኪሞች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ የበሽታውን ስም በግልጽ ቋንቋ፣ «በስትሮክ ምክንያት የግራ ጎን ሽባነት» ወይም «ሥር የሰደደ የልብ ድካም» ብለን ብንጽፍላቸው፣ ቅጹ ላይ የሚገለብጡት እውነተኛ ቃል ያገኛሉ። ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው።

ከመግዛት በፊት

ታክሱ መቅረቱ ብቻውን አልጋውን ተገቢ አያደርገውም። በመጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪሙን ወይም የአካባቢውን ምክር ቤት ጠይቆ በባለሞያ መታየት ይበጃል፤ ፍላጎቱ ከተረጋገጠ አልጋው በውሰት፣ ያለ ክፍያ ሊገኝ ይችላልና። ሕክምናውን በተመለከተም፣ የልብ ድካም ኖሮበት ጋደም ሲል ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የራስጌው ከፍ ማለት እፎይታ ይሰጠዋል። ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ግን ሰውነት ወደ ታች ስለሚንሸራተት በታችኛው ጀርባ ላይ ያለው ቆዳ ይጎተታል፤ የአልጋ ቁስልም ሊያስከትል ይችላል። ራሱን ማገላበጥ የማይችልን ሕመምተኛ አልጋው ብቻውን አያድነውም፤ ሰው በየጊዜው ሊያገላብጠው ይገባል።

ታክሱን የከፈለ ቤተሰብም ደረሰኙን ይዞ ወደ ሻጩ ተመልሶ ይጠይቅ፤ ስሕተቱን ማረም የሚችለው በቅድሚያ ሻጩ ነው። በምሳሌያችን ያሉት ልጆች ከመክፈላቸው በፊት አንዲት መስመር በእውነት ቢጽፉ ኖሮ፣ 200 ፓውንዱ ለእናታቸው ሌላ ፍላጎት በተረፈ ነበር።